መድኃኒት የሌለበት

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ባለቤት፣

ሰላምታዬ ከዕቃው ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ዝናቡ ቢያቆምም ግድግዳው ገና ርጥበት ስለሚተፋ፣ ቅመሙ እንዳይሻግትብኝ መደርደሪያውን ፈቀቅ አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለእኔ ስትጽፊ የመጀመሪያሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት። ሌላው ሁሉ ይምጣ፣ ጨው መላኩ ግን ቢቀርስ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከሙኑ ይምጣ፣ ቅርንፉዱ ይምጣ፣ ጦስኙ ይምጣ፣ ጨው ይቅር። ምነው ልጄ፣ ጨዉ ምን በደለሽ?

ምናልባት ዓይነቱ አስቸግሮሽ ይሆናል። ግራጫ ነው፣ ረጠብ ይላል፣ እንደ ሌላው ጨው ከማንኪያ ላይ አይፈስም። የባሕር ውኃ በፀሐይ ደርቆ በእጅ የተሰበሰበ ስለሆነ ነው፤ እንዳይጋገር ተብሎ የተጨመረበት ነገር የለም። እኔ በትምህርት ጨው ነኝ፤ ስለ ጨው ግን ጨው አይደለሁም። ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ክዳኑ የሚገጥም የሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። ጥቂት ጥሬ ሩዝ ጣል ብታደርጊበት ርጥበቱን ይጠጣዋል። ቅመሙን ደግሞ ሳትፈጪ በጠርሙስ አድርገሽ ብርሃን የማያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቺው። ተፈጭቶ የከረመ ቅመም ሽታውን ለክዳኑ ሰጥቶ ነው የሚጠብቅሽ።

አሁን ሆዴ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ። ዕቃችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡሱ ረዳት «ወንድምሽ ከስቷል» አለኝ። ማሙሽን እናታችን ከሞተች ጀምሮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የራሱ ፀጉር ቤት ቢኖረውም፣ ጺሙ ቢሸብትም፣ ለእኔ ማሙሽ ነው። ስደውልለት «ደንበኛ ወንበር ላይ ነው» ብሎ ይዘጋብኛል። የቤታችሁ ስልክ አንድ ነው፣ እሱም በእሱ ኪስ ነው። ስለዚህ አንቺኑ ልጠይቅ፤ ምን እያበላሽው ነው?

ቅር እንዳይልሽ። በሱቄ በር ላይ «መድኃኒት የሌለበት ቅመምና ጨው» ብዬ አስጽፌአለሁ፤ ፀረ ተባይ ያልነካው ማለቴ ነው። ደንበኛ ሲጠራጠር ምስክር አድርጌ የምጠራው ማሙሽን ነው። «ወንድሜን በዚህ አሳደግሁት፤ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም» እላለሁ። እሱ ከሳ ማለት ለእኔ ቀላል ወሬ አይደለም።

ጨዉን ከሌላው ጋር ልኬዋለሁ።

የባልሽ እህት

ጥቅምት 19

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎም ለጉልበትዎም ይሁን። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተማሪዎች ደንብ ልብስ ስፌት ተደራርቦብኝ ከመኪናዬ ላይ ቀና ሳልል ነው የከረምኩት። ይህንንም የምጽፈው ክር በመቀየር መሃል ነው።

የላኩት ሁሉ በደህና ገብቷል። ድንብላሉን በመዳፌ ሳሸው ሽታው ስፌት ክፍል ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሄሉም ከውስጥ ፍሬው ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። እንዳሉኝ ሳልፈጭ አስቀምጬዋለሁ።

ምን ታበይዋለሽ ላሉኝ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ጎመን፣ አልፎ አልፎም ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ ነው። ዝንጅብልና እርድ አደርግበታለሁ፣ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ግማሹን ይተወዋል። የሚያስቀረውን እያየሁ እኔም አልበላም።

ጨዉ ለምን ይቅር ላሉት ግን፣ እትዬ፣ ጥያቄዎ ግራ ገባኝ። የተባለውን እርስዎም ያውቁታል። እሱ ራሱ እንደ ነገረዎት ነግሮኛል። ስሙ ሲነሳ ስለሚያምዎት ከእርስዎ ጋር እንዳላነሳው አስጠንቅቆኛልና እዚህም አልጽፈውም። እያወቁ «ጨዉ ምን በደለሽ» ማለትዎ ጨዋታ ከሆነ አልገባኝም፤ ቁም ነገር ከሆነም ጭራሽ አልገባኝም።

ስለ መክሳቱ ረዳቱ አልዋሸም።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ባለቤት

ኅዳር 2

ለወንድሜ ባለቤት፣

ሰላምታውን በአጭሩ ተቀበዪኝ፤ ሆዴ ነገር ይዞ ረጅም ሰላምታ አልችልም።

«የተባለው» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከያዘኝ አልለቀቀኝም። ማን ምን አለ? ማሙሽን ደውዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «እሷ ጨው አትወድም፣ ተያት» አለኝና ደንበኛ መጣ ብሎ ዘጋው። እንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ እየዋሻችሁኝ ነው። ማሙሽ ደግሞ ለእኔ ዋሽቶ አያውቅም።

ቁጭ ብዬ ሳስበው የመጣልኝ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃዬ የተበረዘ ነው ብሎ የነገረሽ ሰው አለ። ከሆነ ስሚኝ። ቁንዶ በርበሬ ስገዛ እፍኝ አድርጌ ውኃ ላይ እበትነዋለሁ፤ የፓፓያ ፍሬ ከገባበት ይንሳፈፋል። እርድ በነጭ ጨርቅ ላይ አሽቼ ቀለሙን አያለሁ፤ ከመጠን በላይ ካበራ አልነካውም። ጦስኝና በሶብላ የምወስደው ገበሬው ሲያጭድ በዓይኔ አይቼ ነው። ቅጠሉን ተባይ ቀዳዶት ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ መድኃኒት ቢረጭበት ኖሮ ተባይ አይቀምሰውማ። ደንበኞቼ ለምን የተበሳ ቅጠል ትሸጪልናለሽ ሲሉኝ ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ያንቺን ወሬ አቀባይ እኔ ጋ ላኪውና እሱንም ላስተምረው።

ሌላም አለ። ረዳቱ እናንተ ሰፈር ጋጋሪዋ ዘንድ ዳቦ ሊገዛ ገብቶ፣ ግራጫውን ጨዬን ከነከረጢቱ ሊጥ ማቡኪያው አጠገብ አየው። ከረጢቱ ላይ የእኔ ጽሕፈት አለ። ለወንድሜ የላክሁት ጨው ዳቦ ቤት ምን ይሠራል? ለእሱ ምስርና ድንች ያለ ጨው ታቀርቢለታለሽ፣ ግማሹን ተወው ብለሽ ደግሞ ትጽፊልኛለሽ። እንዲህ ያለ ምግብ ማን ይጨርሳል?

ፊቱ አብጧል የሚባለውስ እውነት ነው? ከሳ ይሉኛል፣ አበጠ ይሉኛል፤ የቱን ልመን?

ሳትደባብቂ መልሺልኝ።

የባልሽ እህት

ኅዳር 14

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳልደባብቅ እመልሳለሁ።

ጨዉን ለጋጋሪዋ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አልሸጥኩትም። መጣሉ ከብዶኝ፣ ቤት ማስቀመጡ ደግሞ አስፈርቶኝ ነው። እሱ ቁም ሣጥን ሲከፍት ድምፁን ከስፌት ክፍል እሰማለሁ። ከማዕዱ ተነስቼ ወደ ስፌቴ ከተመለስኩ በኋላ ክዳን ሲከፈትም እሰማለሁ። በገዛ ቤቴ እንደ ዘበኛ ጆሮዬን አቁሜ ነው የምውለው።

ፊቱ ያብጣል ወይ ላሉት፣ አዎ፤ ጠዋት ጠዋት። እግሩም ጫማ አልገባ ይለዋል። ሱሪውን ግን ከወገቡ አጥብቤዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም ይመኑ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሳህን ባቀረብኩለት ቁጥር የእርስዎን ስም እየጠራ ይሟገተኛል። «እህቴ እንዲህ አላለችኝም» ይለኛል። እኔ የምከለክለውን እርስዎ ይፈቅዳሉ፤ እኔ የማወጣውን እርስዎ ይልካሉ። ምን እያሉ እንደሚመክሩት አላውቅም። የሚወዱት ሰው ላይ እያወቁ እንዲህ ይደረጋል? እኔ ከገባሁ ወዲህ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። አንዳንዴ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የእኔ ሆኖ ከሚኖር ባይኖር የሚመርጡ ይመስለኛል።

ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ግን አሰብኩበትና ተውኩት።

የወንድምዎ ባለቤት

ኅዳር 27

ሰላም ልልሽ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ባይኖር ትመርጫለሽ አልሽኝ። እኔን? ያን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ጦስኝ ስለቅም የኖርኩትን? እኔ ባል ሳላገባ የቀረሁት በማን ምክንያት መሰለሽ? አንቺ ግን ይህን የጻፍሽበት ምክንያት አሁን ገብቶኛል። ቀድመሽ የከሰስሽኝ ልክስሽ እንደምችል ስላወቅሽ ነው።

ረዳቱን ጋጋሪዋን እንዲያጫውታት ልኬው ነበር። ሰላይ ላክሽ በዪኝ፣ አልክድም። ሴትዮዋ ምን አለችው መሰለሽ? «ሚስቱ ጠዋትና ማታ መድኃኒት ታበላዋለች፤ እምቢ ሲላት ድንች ውስጥ ፈጭታ ደባልቃ ነው የምትሰጠው» አለችው። እንዲህ ብላ እንደ ቀላል ነገር ዳቦዋን መቁጠር ቀጠለች።

መድኃኒት! ዕድሜዬን ሙሉ ከቤቴ ያራቅሁት ነገር ይሄ ነው። ማሳ ላይ ሲረጭ ንቡን የሚፈጀው፣ ጎተራ ውስጥ ሲነሰነስ አይጡን የሚደፋው። ወይም ደግሞ አንዳንዷ ባሏን አፍዝዛ ለመያዝ ከማይታወቅ ሰው የምትቀበለው ዱቄት። ከሁለቱ የቱን ነው ድንቹ ውስጥ የምትደባልቂው? ጨዉን ያወጣሽው ለምን እንደሆነም ገባኝ፤ ከእኔ እጅ የመጣ ንጹሕ ነገር እንዳይቀምስ ነው። ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ ፊትሽን አይቼ ጨዋ ናት ብዬ ነበር። ዓይኔን እንዴት እንደ ጋረድሽው እንጃ።

ወንድሜ በረሃብና በመድኃኒት እየሟሸሸ ዝም ብዬ አላይም። ያደረግሁትን አልነግርሽም። በአንቺ እጅ እንደማያልፍ ብቻ እወቂው።

እህቱ

ታኅሣሥ 11

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው። መልሱንም እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጻፍኩ ነው።

ባለቤቴ ፀጉር ቤቱ ውስጥ መቀስ እንደ ያዘ ወደቀ። ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ደንበኛው ነው፤ ፀጉሩ በግማሽ እንደ ተቆረጠ፣ ፎጣውም አንገቱ ላይ እንዳለ። ውኃ ሳንባው ድረስ ሞልቶ ነበር። አሁን ኦክሲጅን ላይ ነው። የሚሆነውን አናውቅም፣ አልነገሩንም።

ፀጉር ቤቱን ልዘጋ ስሄድ መሳቢያው ውስጥ ጣሳ አገኘሁ። ጨው ከሮዝመሪና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተወቀጠበት ጣሳ ነው። ታቹ ድረስ ተበልቷል። ክዳኑ ላይ «ማንም አይንካብህ፣ ብቻህን ብላ» የሚል አለ። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ።

ከእንግዲህ የሕመሙን ስም አልደብቅም። ኩላሊቱ ከደከመ ከረመ፤ የደም ግፊትም አለበት። ሐኪሙ ጨው በምላሱ እንዳያስነካ ነግሮታል። ይህን ለእርስዎ እንደ ነገረዎት ነው የማውቀው። «እህቴ ሁሉን ታውቃለች፤ የእኔ ጨው ንጹሕ ስለሆነ ትንሽ አይጎዳህም ብላኛለች» እያለ ነው በየማዕዱ የሚሟገተኝ። ድንች ውስጥ የምፈጭለት የሐኪም ኪኒን ነው። አልውጥም ሲል ሐኪሙን አስፈቅጄ ነው የምፈጭለት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እያወቁ ለምን ላኩለት?

ታኅሣሥ 15

እኅቴ፣

አላወቅሁም።

ደብዳቤሽን ረዳቱ ሱቅ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፣ መጨረሻውን መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ኩላሊት የሚለውን ቃል ሦስቴም አራቴም ተመለስኩበት። አልነገረኝም። ታሞ እንደሆነ አልነገረኝም፣ ሐኪም ዘንድ መሄዱን አልነገረኝም። ትንሽ አይጎዳህም ብዬው አላውቅም፤ ምኑ ላይ ቆሜ ልለው? በስልክ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ምግቡ ብቻ ጨው ይጎድለዋል»። እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ አንቺን ነበር የምጠረጥረው።

ጋጋሪዋ መድኃኒት ስትል ሰው የሚድንበት መድኃኒት መሆኑ አንዴ እንኳ አልመጣልኝም። ማንም ሌላ ሰው ቢሰማው «ታሟል እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል በሬ ላይ ሰቅዬ ስሰድበው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠፍቶኛል። ጣሳውን በእጄ አዘጋጅቼ፣ ተጠንቅቄ፣ ክዳኑን በሰም አሽጌ ነው የላክሁለት። ገዳዩን እያራቅሁለት መስሎኝ።

በሕይወት አለ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ልምጣ? ሱቁን ዘግቼ ነገ ልነሳ እችላለሁ። ግን ያንቺን ፈቃድ ሳላገኝ አልመጣም። ዓይኔን ማየት ካስጠላሽ አይፈረድብሽም።

እህቱ

ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

በሕይወት አለ። ውኃውን አውጥተውለታል። ትናንት ትራሱን ከፍ አድርገን ተቀመጠ፤ ወዲያው ነርሱን «ይህን ፀጉርህን ማን ነው ያበላሸብህ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተነፈስኩ።

ላለማወቅዎ የሰጡኝን ቃል ወዲያው አላመንኩትም። ብዙ ነገር ከጠረጠሩ በኋላ ማመን በአንድ ቀን አይመለስም። ስለዚህ ራሱን ጠየቅሁት። ሐኪሙ በቆመበት፣ መሸሻ በሌለበት፣ «እህትህ ታውቃለች?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ነው ያመንኩዎት።

ለምን እንደ ደበቀም ጠይቄው ነበርና የነገረኝን ልንገርዎት። ለደንበኞችዎ ሐኪም ቤት ረግጦ አያውቅም እያሉ እንደሚሸጡ ያውቃል። ሱቁን ለመክፈት እንዴት እንደ ደከሙ ያውቃል። «እሷ በእኔ ጤና ነው የምትነግደው፣ እኔ ታምሜ ገበያዋን ላፍርስባት?» አለኝ። እንዲህ ሲል ደግሞ አለቀሰ። ተናድጄበት ሳለ አንጀቴን በላው። ለእኔ «ታውቃለች» ያለኝ እንዳልጽፍልዎት፣ ለእርስዎ «ጨው አትወድም» ያለዎት እንዳይጠይቁኝ ነው። ጨው ሲያምረው ደግሞ ሁለታችንን እያጋጨ ያገኘዋል። ሰው ሲላጭ ወሬ እያቀበለ የለመደ ምላስ ነው።

አሁን አይምጡ። ጠልቼዎት አይደለም። እርስዎን ካየ አልጋው ላይ ተነስቶ ደህና ነኝ እያለ ይንጎራደዳል፤ ሐኪሙ ደግሞ እንዳይነሳ ብሏል። ሲወጣ እጽፍልዎታለሁ።

እስከዚያው አንድ ልመና አለኝ። ያለ ጨው የሚበላ ነገር ያስተምሩኝ። እኔ ጨዉን ማውጣት እንጂ በምን እንደምተካው አላውቅም። የሚልኩት ሁሉ ግን በእኔ እጅ ይምጣ፣ ቀድሜ እቀምሰዋለሁ። ይህን ስል አላፍርም።

የወንድምዎ ባለቤት

ጥር 18

እኅቴ፣

ከሐኪም ቤት መውጣቱን የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አንብቤ በደስታ ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ጎረቤቴ ነው ሮጦ የጠራኝ።

የላክሁትን ቅመሺው፤ እንዲያውም ሁለቴ ቅመሺው። ጨው የገባበት ምንም ነገር የለም። ከሙኑንና ድንብላሉን በደረቅ መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሽታው ብድግ እስኪል ብቻ አምሺው፤ ካጠቆርሽው ይመርራል። ከእሳት እንዳወጣሽው ውቀጪው። የሎሚ ቅርፊት በጥላ አድርቄ ጨምሬልሻለሁ፤ ነጩን አንስቼለታለሁና አይመርም። ምስሩ በስሎ ከወረደ በኋላ በላዩ ነስንሺበት። ጦስኙን እየፈላ ሳለ ጨምሪው፤ በሶብላውን ግን መጨረሻ ላይ፣ እሳት አይወድም። ነጭ ሽንኩርቱን ቀቅለሽ ከድንቹ ጋር ብታደቂው ምላስ የሚፈልገውን ክብደት ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ ይነጫነጫል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እያበሰልኩ ነው የምበላው፤ የሚከብደውን ካላወቅሁ ለእሱ አላዝንለትማ። በገበያ «የጨው ምትክ» እየተባለ የሚሸጠውን ነጭ ዱቄት እንዳትገዢ። ሐኪሙን ሳትጠይቂ አይሆንም፤ ኩላሊት ለደከመ ሰው እሱም አደጋ አለው ይላሉ።

ሱቁን እንዴት አደረግሽው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ስለ እርዱ ስትጠራጠር፣ እንደ ልማዴ ማሙሽን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። «ወንድሜ ታሟል፤ መድኃኒት እየወሰደ ነው» አልኳት። የያዘችውን ጥቅል መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። ከሰዓት አልቅሼ ዋልኩ። ግን እውነቱን ስናገር ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ። ትሂድ። ቅመሜ ንጹሕ ነው፤ ወንድሜም በሽተኛ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ሳታዋዢ መልሺልኝ። ማሙሽ ትናንት ደወለልኝ። ድምፁ ተመልሷል። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ቆንጠር አድርጎ ጨው እንዲቀምስ ፈቅዶለታል አለኝ። አንቺም ተስማምተሻል አለ። ስፌት ስለበዛባት እሷን አታስቸግሪያት፣ ትንሿን ጣሳ በፀጉር ቤቱ በኩል ላኪልኝ አለኝ።

ድሮ ቢሆን ስልኩን ሳልዘጋ ጨዉን እወቅጥ ነበር። አሁን እጄን ይዤ አንቺን እየጠበቅሁ ነው። እውነት ነው?

እህትሽ

ጥር 29

እትዬ፣

ውሸት ነው። ሐኪሙ አልፈቀደም፤ እኔም አልተስማማሁም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ምስሩን እንዳሉኝ ሠርቼ አቅርቤለት ነበር። አንዴ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር «እህቴ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ጨው ግዴለም ብላኛለች» አለኝ። ለእርስዎ «እሷ ተስማምታለች» ብሎ፣ ለእኔ «እህቴ ግዴለም ብላለች» ብሎ። ያ ሁሉ ነገር ከደረሰብን በኋላ፣ ያኔ ያለውን እንኳ ሳይቀይር።

ደብዳቤዎ በጉያዬ ነበር። አወጣሁና መጨረሻውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። «እጄን ይዤ አንቺን እየጠበቅሁ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እናንተ ተጣልታችሁ አልነበር እንዴ?» አለኝ።

እንደ ልጅ ነው ያለው። ታርቀናል አልኩት። እኔን ያየኛል፣ ወረቀቱን ያየዋል። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና በላው። እየተቆጣ በላው፣ ግን እስከ መጨረሻው በላው። እዚህ ቤት ከገባሁ ምስር ሲጨርስልኝ የመጀመሪያው ነው። ዕቃውን ሳጥብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳላስበው አለቀስኩ። ልናጣው ነበር፣ እትዬ። በእኔና በእርስዎ መሃል አድርገን ልናጣው ነበር።

አሁን ይምጡ። በስፌት ክፍሉ አልጋ ዘርግቼልዎታለሁ። ሁለታችን ፊቱ ከተቀመጥን የሚዋሸው ለማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ከምንም በላይ እኔም ላይዎት እፈልጋለሁ።

ሲገቡ ግን ሻንጣዎን በር ላይ እፈትሸዋለሁ። ቅር እንዳይልዎ።

እኅትዎ